ፓይተን የሲ ላይብረሪ ሲጠራ የሚገጥም ክራሽ፦ መንስኤውን የማግኘትና የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

የጭነት መኪና ሚዛን፣ የባርኮድ ማንበቢያ፣ የጣት አሻራ መሣሪያ፣ የደረሰኝ ማተሚያ። ኮምቦልቻ ውስጥ በመጋዘንና በፋብሪካ ሥራ ላይ ፓይተንና ሲ የሚገናኙት ብዙ ጊዜ በእነዚህ በኩል ነው። መሣሪያው በሲ ከተጻፈ ላይብረሪ ጋር ይመጣል፤ ፕሮግራመሩ ግን ሥራውን በፓይተን መጨረስ ይፈልጋል፤ መሃል ላይ ሲታይፕስ፣ ማለትም ከፓይተን ጋር የሚመጣውና የሲ ፈንክሽኖችን ለመጥራት የሚያስችለው ሞጁል፣ ይገባል። ከዚያ ሲሠራ የከረመው ፕሮግራም አንድ ቀን ትንፍሽ ሳይል ይዘጋል። ትራይና ኤክሴፕት አልያዘውም፣ ሎግ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር አልተጻፈም፣ ተርሚናሉ ላይ የቀረው «ሴግመንቴሽን ፎልት» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሙ፣ ቀጥሎ የመብራት መቆራረጥ ነው። ሁለቱም ጥፋተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መለየቱ ግን ከባድ አይደለም። ብራውዘሩም ዳታቤዙም እንዲሁ ድንገት የሚዘጉ ከሆነ ሜምቴስት86 ፕላስን ከፍላሽ አስነስታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ። የሚወድቀው ያ የፓይተን ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ግን ራም ለመቀየር ገንዘብ አታውጡ።

ትራይና ኤክሴፕት ለምን አይዙትም? ፓይተን ኤክሴፕሽን የሚያነሣው ራሱ ላየው ስህተት ነው። የሲ ኮድ ያልተፈቀደለት አድራሻ ላይ ሲጽፍ ግን የሚከለክለው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ከርነሉ ሲግናል 11 ይልካል፣ ፓይተን ራሱ አብሮ ይሞታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሲ ኮድ የራሱ ያልሆነ፣ ነገር ግን በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ያለ ሜሞሪ ላይ ሲጽፍ ነው። ያን ጊዜ የሚከለክለው የለም። ጉዳቱ ተቀብሮ ይቆይና ሌላ ንጹሕ ፈንክሽን ያንን ቦታ ሲነካ ይፈነዳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የወደቀበት መስመር ጥፋቱ የተሠራበት መስመር ነው ብላችሁ አትነሡ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው «ሚዛን» የሚባል ትንሽ የሲ ላይብረሪ ነው። አምስት ፈንክሽኖች አሉት፦ «ሚዛን_ክፈት» ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ይመልሳል፤ «ሚዛን_አንብብ» ያንን ፖይንተርና የደረሰኝ ስትራክት (የተለያየ ዓይነት ዳታ በአንድ የሚይዝ የሲ ጥቅል) አድራሻ ይቀበላል፤ «ስም_ቅዳ» ጽሑፍና ርዝመት ተቀብሎ በማሎክ (ሜሞሪ በሚመድበው የሲ ፈንክሽን) ቅጂ ይሠራል፤ «ሚዛን_አዳምጥ» ኮልባክ (ሲው በኋላ የሚጠራው የፓይተን ፈንክሽን) ይመዘግባል፤ «ሚዛን_ዝጋ» ይዘጋል። የፓይተንና የሲ ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደል ጽፈናቸዋል፤ ኮድ ላይ በተለመደው አጻጻፋቸው አስገቧቸው።

የሞተበትን ቦታ መያዝ

ከሁሉ በፊት የመዝጊያ ቁጥሩን እዩ። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሙ እንደተዘጋ ኤኮ ብላችሁ የዶላርና የጥያቄ ምልክት አስከትሉ። 139 ከመጣ 128 ሲደመር 11 ነው፣ ማለትም ሴግመንቴሽን ፎልት። 134 ከሆነ 128 ሲደመር 6፤ ይህ አቦርት ነው፣ ብዙ ጊዜ የሲ መደበኛ ላይብረሪ የማሎክ መዝገቡ ተበላሽቶ አግኝቶ ራሱ ፕሮግራሙን ሲያቆመው የሚታይ ነው። 137 ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፕሮሰሱ በሲግናል 9 ተገድሏል፣ ብዙ ጊዜም ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ የገደለው ነው። ፕሮግራሙን ያስነሣው ሌላ የፓይተን ፕሮግራም ከሆነ በሰብፕሮሰስ በኩል የሚታየው ቁጥር ከ139 ይልቅ ነጌቲቭ 11 ነው።

ቀጥሎ ፎልትሃንድለርን አብሩ። ከፓይተን 3.3 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ሞጁል ስለሆነ የሚጫን ነገር የለም። ፓይተንን ስትጠሩ ሰረዝና ትልቁን ኤክስ አድርጋችሁ ፎልትሃንድለር ብትሉ ይበራል፤ ወይም ኮዱ መጀመሪያ ላይ የሞጁሉን «ኢኔብል» ፈንክሽን ጥሩ። ሲግናሉ ሲመጣ ፓይተን ከመሞቱ በፊት በየትኛው ፋይል፣ በየትኛው መስመር እንደነበረ ይጽፋል።

ኮምፒውተሩ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ፣ እናንተ ደሴ ከሆናችሁ ተርሚናል ላይ የተጻፈው ምንም አይጠቅማችሁም፤ ለአንድ መስመር ብላችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ መውጣት ሊኖርባችሁ ነው። ለ«ኢኔብል» የተከፈተ ፋይል ስጡት፣ ሪፖርቱን እዚያው ይጻፍ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ፎልትሃንድለር የሚይዘው የፋይሉን ዲስክሪፕተር ቁጥር፣ ማለትም ሲስተሙ ለተከፈተው ፋይል የሰጠውን ቁጥር ነው። ፋይሉን በ«ዊዝ» ከፍታችሁ ብሎኩ ካለቀ ወይም ቫሪያብሉ ፈንክሽን ውስጥ ጠፍቶ ፋይሉ ከተዘጋ ያ ቁጥር ለሌላ ፋይል ይሰጣል፤ የክራሽ ሪፖርቱም ሄዶ ዳታ ፋይላችሁ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል። ፋይሉን በሞጁል ደረጃ ባለ ቫሪያብል ያዙት፣ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አይዘጋ።

ዊንዶውስ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ ሲታይፕስ «አክሰስ ቫዮሌሽን»ን ወደ ኦኤስኤረር ስለሚቀይረው በኤክሴፕት መያዝ ይቻላል። ይዞ መቀጠል ግን ትልቅ ስህተት ነው፤ ሜሞሪው ምን ያህል እንደተበላሸ አይታወቅም፣ ቀጥሎ የሚመዘገበው ኪሎም እውነተኛ ላይሆን ይችላል። ስህተቱን ጻፉና ፕሮግራሙን ዝጉት። ላይብረሪው ጭራሽ አልጫን ብሎ ቁጥር 193 የሚል ስህተት ካሳያችሁ ደግሞ የ32 ቢት ላይብረሪን በ64 ቢት ፓይተን እየከፈታችሁ ነው፤ የቆዩ የሚዛን ላይብረሪዎች ላይ የሚያጋጥም ነው፣ መፍትሔውም የ32 ቢት ፓይተን መጫን ነው።

ዓይነቱን ሳያስታውቁ አለመጥራት

ፕሮግራሙ ገና ከጅምሩ፣ ላይብረሪውን እንደከፈተ የሚሞት ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

ሲታይፕስ ላይብረሪውን ሲከፍት የፈንክሽኖቹን ስም እንጂ ዓይነታቸውን አያውቅም። የፈንክሽኖቹ ዓይነት የተዘረዘረበትን ሄደር ፋይል አያነብም። ስለዚህ ካልነገራችሁት እያንዳንዱ ፈንክሽን የሲ ኢንት እንደሚመልስ አድርጎ ይወስዳል፤ ኢንት ደግሞ 32 ቢት ነው። 64 ቢት ሊኑክስ ላይ «ሚዛን_ክፈት» የሚመልሰው አድራሻ ብዙ ጊዜ ከ93 ትሪሊዮን በላይ የሆነ ቁጥር ነው። ኢንት መያዝ የሚችለው እስከ 2,147,483,647 ብቻ ነው። የላይኛው 32 ቢት ተቆርጦ ይጣላል፣ የቀረው ወደ ፓይተን ይመጣል። ይህን ቁጥር መልሳችሁ ለ«ሚዛን_አንብብ» ስትሰጡት ሲ የሌለ አድራሻ ላይ ሄዶ ይሞታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የመጣውን ፖይንተር ፕሪንት አድርጉት። ነጌቲቭ ከሆነ፣ ወይም ከ2 ቢሊዮን በታች ያለ ቁጥር ሆኖ በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነ ተቆርጧል።

መፍትሔው የፈንክሽኑን «ሬስታይፕ» (የሚመልሰውን ዓይነት) «ሲ_ቮይድ_ፒ» (የፖይንተር ዓይነት) ማድረግ ነው። ግን ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ይሠራና ግራ ይጋባል። «ሲ_ቮይድ_ፒ» ተብሎ የተመለሰ ዋጋ ፓይተን ዘንድ ሲደርስ ተራ ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር «አርግታይፕስ» (የሚቀበላቸው ዓይነቶች ዝርዝር) ላልተጻፈለት ፈንክሽን ብትሰጡት ሲታይፕስ እንደገና እንደ ኢንት ወስዶ እንደገና ይቆርጠዋል። ስትቀበሉም ስትሰጡም ማስታወቅ ግዴታ ነው።

ክራሽ የማያደርግ ግን የሚያሳስት ወንድም አለው። ፈንክሽኑ ደብል የሚመልስ ከሆነና «ሬስታይፕ» ካልተጻፈ ፓይተን ውጤቱን ከተሳሳተ ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ማስቀመጫ) ያነባል። ፕሮግራሙ አይሞትም፤ 38.5 ኩንታል የጫነ መኪና ግን በማይታወቅ ቁጥር ይመዘገባል። ይህ ከክራሹ ይልቅ የሚያስፈራ ነው፣ ምክንያቱም ማንም ሳያውቀው ደረሰኝ ላይ ይታተማል።

ስለዚህ ላይብረሪውን የሚከፍት አንድ የፓይተን ፋይል ብቻ ይኑር። ሄደር ፋይሉን ጎን ለጎን ከፍታችሁ እያንዳንዱን ፈንክሽን በተራ ሂዱበት፤ ለሁሉም «አርግታይፕስ» እና «ሬስታይፕ» ጻፉ፣ ምንም ለማይመልሱት ደግሞ «ሬስታይፕ» «ነን» (የፓይተን ባዶ ዋጋ) ይሁን። ይህ ፋይል ሳያልቅ አንድም ፈንክሽን አትጥሩ። «ሎንግ» የሚል ስታገኙ ጠንቀቅ በሉ፦ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ነው። የሲ ኮዱ በእጃችሁ ከሆነ ወርዱ በስሙ ውስጥ ያለውን ዓይነት፣ ማለትም ኢንት32 ወይም ኢንት64 ተጠቀሙ። ፈንክሽኖቹ ከሃያ ሰላሳ ካለፉ ይህን በእጅ መጻፉን ትታችሁ ሲኤፍኤፍአይ የሚባለውን ሌላ የፓይተን ላይብረሪ ብትጠቀሙ ይሻላል፤ በኤፒአይ ሞዱ ስትሠሩ ኮምፓይለሩ ዲክላሬሽኑን ከሄደሩ ጋር ስለሚያስተያይ የሰው ዓይን የሳተውን ይይዛል።

የፊደል ጽሑፍ፦ ሆሄ ሳይሆን ባይት ቁጠሩ

በአማርኛ የሚሠራ ሲስተም ላይ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ይህ ነው።

ፓይተን ውስጥ የ«ደሴ» ርዝመት 2 ነው። ወደ ዩቲኤፍ-8 ሲቀየር ግን 6 ባይት ይሆናል፦ ለ«ደ» 225፣ 139፣ 176፤ ለ«ሴ» 225፣ 136፣ 180። ሲ የጽሑፉን ማለቂያ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ባለ ዜሮ ባይት ስለሆነ በጠቅላላው 7 ባይት ቦታ ያስፈልጋል። ያለ ምልክት የተጻፈ የላቲን ፊደል አንድ ሆሄ አንድ ባይት ነው። ላይብረሪው በላቲን ስሞች ብቻ ተፈትኖ ከወጣ የሆሄን ቁጥር ከባይት ቁጥር ጋር ያምታታ ኮድ ችግሩ ሳይታይ ይኖራል፣ የእኛ ፊደል የገባበት ዕለት ይጋለጣል።

አሁን «ስም_ቅዳ»ን ቀረብ ብለን እንየው። ፓይተኑ ጽሑፉን ወደ ባይት ቀይሮ ይልካል፣ ርዝመቱን ግን «ሌን» በሚባለው ፈንክሽን ከዋናው ጽሑፍ ላይ ቆጥሮ ይልካል። ሲው ርዝመቱ ላይ 1 ደምሮ ማሎክ ያደርግና በስትርኮፒ (ዜሮ ባይት እስኪያገኝ በሚገለብጠው የሲ ፈንክሽን) ይገለብጣል። ስሙ «ኮምቦልቻ» ከሆነ የተላከው ርዝመት 5 ነው፤ ማሎክ 6 ባይት ይጠየቃል፤ የሚገለበጠው ግን ከዜሮው ጋር 16 ባይት ነው። አሥር ባይት ተርፎ ፈሰሰ ማለት ነው። ይሁንና ፕሮግራሙ አይወድቅም! 64 ቢት ሊኑክስ ላይ የግሊብሲ (የሲ መደበኛ ላይብረሪ) ማሎክ ከ24 ባይት ያነሰ አይሰጥም፤ 6 ብትጠይቁትም 24 ባይት ቦታ ያለው ቁራጭ ነው የሚሰጣችሁ። አሥሩ ባይት ባዶ ቦታ ላይ አረፈ።

መዝጋቢው ቀጥሎ «ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ» ብሎ ይጻፍ። ሆሄው ከነክፍት ቦታው 13 ነው፤ ማሎክ የሚጠየቀው 14፣ የሚሰጠው 24። ባይቱ ግን 11 ፊደል በ3 ሲባዛ 33፣ ሁለት ክፍት ቦታ ሲጨመር 35፣ ዜሮው ሲጨመር 36። ከ24ቱ ያለፈው 12 ባይት ነው፤ የመጀመሪያው 8 ባይት የሚያርፈው ማሎክ የሚቀጥለውን ቁራጭ መጠን መዝግቦ በያዘበት ቦታ ላይ ነው፣ የቀረው 4 የሌላ ሰው ዳታ ላይ። አሁንም ወዲያው አይወድቅም። ያ ጎረቤት ቁራጭ ፍሪ ሲደረግ (ሲለቀቅ)፣ ወይም ሌላ ማሎክ ሲጠራ፣ «ኢንቫሊድ ኔክስት ሳይዝ» ወይም «ኮራፕትድ ቶፕ ሳይዝ» የሚል ወጥቶ በ134 ይዘጋል። ፎልትሃንድለር የሚያሳያችሁ መስመር ከስም ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ምናልባት ደረሰኝ የሚያትመው ሊሆን ይችላል። «አንዳንድ ቀን ብቻ ነው የሚወድቀው» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ የሚለያየው ቀኑ ሳይሆን የስሙ ርዝመት ነው።

ሲስተካከል፦ ጽሑፉን መጀመሪያ በዩቲኤፍ-8 ኤንኮድ አድርጉ፣ «ሌን»ን ከኤንኮዱ በኋላ ባለው ባይት ላይ ጥሩ፣ ለዜሮው 1 ጨምሩ። ሲው ሊጽፍበት ባፈር (የተዘጋጀ የሜሞሪ ቦታ) የምትሰጡት ከሆነ ለአንድ ሆሄ 3 ባይት አስቡና 1 ጨምሩ፤ ለ30 ሆሄ 91 ባይት። የሲ ፈንክሽኑ በእጃችሁ ከሆነ የባፈሩን መጠን እንደ አርጉመንት እንዲቀበልና በስትርኮፒ ፈንታ ከተሰጠው መጠን በማያልፈው በኤስኤንፕሪንትኤፍ እንዲጽፍ አድርጉት።

ኤስኤንፕሪንትኤፍ ሜሞሪውን ያድናል፣ ሆሄውን ግን መሃል ለመሃል ሊቆርጠው ይችላል። 20 ባይት ባፈር ውስጥ ለጽሑፍ የሚቀረው 19 ነው፤ 6 ሆሄ 18 ባይት ይወስድና ከ7ኛው ሆሄ አንድ ባይት ብቻ ይገባል። ፓይተን ዲኮድ ሲያደርግ ዩኒኮድዲኮድኤረር ያነሣል። የሚቆርጠው የሲ ኮድ ከቆረጠ በኋላ ወደ ኋላ ይመልከት፦ ዋጋው ከ128 እስከ 191 የሆነ ባይት የሆሄ ቀጣይ እንጂ መነሻ አይደለም። የተለመዱት የግእዝ ሆሄያት ሁሉ መነሻቸው 225 ስለሆነ መጨረሻ ላይ ያለው 225 ሁለት ተከታይ ከሌለው እሱን ጨምሮ መጣል ነው።

ያው 225 ሌላም መዘዝ አለው። ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽን ላይ የሲ ቻር ምልክት ያለው ስለሆነ 225 የሚነበበው ነጌቲቭ 31 ሆኖ ነው። ላይብረሪው ፊደላትን የሚመድብ የራሱ ባለ 256 ሠንጠረዥ ካለውና ቻሩን እንዳለ ኢንዴክስ ካደረገው ከሠንጠረዡ በፊት ያለ ሜሞሪ ያነባል። መፍትሔው ኢንዴክስ ከመደረጉ በፊት ወደ አንሳይንድ ቻር መቀየር ነው፤ አንድ ቃል ኮድ ላይ መጨመር ነው።

ኤንኮድ ሳታደርጉ የፓይተኑን ጽሑፍ እንዳለ ብትልኩትስ? «አርግታይፕስ» ላይ «ሲ_ቻር_ፒ» ከተጻፈ ሲታይፕስ ስህተት ብሎ ያቆማችኋል፤ ጥሩ ነው። ካልተጻፈ ግን ጽሑፉን እንደ ሰፊ ቻር ይልከዋል። ሊኑክስ ላይ ይህ በአንድ ሆሄ 4 ባይት ነው፤ «ደ» 240፣ 18፣ 0፣ 0 ሆኖ ይሄዳል፣ ሲም ሦስተኛው ባይት ላይ ዜሮ ስላገኘ ስሙ አለቀ ይላል። የተመዘገበው ስም ሁለት ትርጉም የለሽ ባይት ከሆነ መንስኤው ይህ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር በጽሑፍ ላይ፦ የፓይተን ባይት ኦብጀክት የማይለወጥ ነው። ሲው የሚጽፍበት ቦታ ከሆነ ባይት አትስጡት፤ በ«ክሪኤት_ስትሪንግ_ባፈር» የተሠራ ባፈር ስጡት። አለዚያ ፓይተን በሌላ ቦታም የሚጠቀምበትን ዋጋ ሲው ከሥሩ ይቀይርበታል።

ሜሞሪው የማን ነው፣ እስከ መቼ?

ለእያንዳንዱ ፖይንተር ሁለት ጥያቄ መልሱ፦ ማን ፈጠረው፣ ማን ያጠፋዋል? መልሱን ከፈንክሽኑ ዲክላሬሽን አጠገብ በኮሜንት ጻፉት።

«ስም_ቅዳ» በማሎክ የተሠራ ቅጂ ይመልሳል። «ሬስታይፕ» «ሲ_ቻር_ፒ» ካደረጋችሁት ፓይተን ይዘቱን ወደ ራሱ ባይት ይገለብጥና ዋናውን አድራሻ ይጥለዋል፤ ፍሪ ማድረግ አይቻልም፣ ሜሞሪው ይፈሳል። «ሲ_ቮይድ_ፒ» አድርጋችሁ ተቀበሉ፣ በ«ስትሪንግ_አት» ይዘቱን አንብቡ፣ ከዚያ ላይብረሪው ራሱ ለዚህ በሚያዘጋጀው ፈንክሽን (በምሳሌያችን አምስት ውስጥ የለም፤ ሊጨመር ይገባል) ልቀቁት። በቀጥታ የሲስተሙን ፍሪ መጥራት ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ላይብረሪው በሌላ የሲ ራንታይም ተኮምፓይሎ ከሆነ የማያውቀውን ሜሞሪ እንዲለቅ የታዘዘው ራንታይም ይሞታል።

ሁለት ጊዜ መዝጋትም ገዳይ ነው። ሚዛኑን የሚወክል የፓይተን ክላስ ሥሩ፤ የመዝጊያ ሜተዱ መጀመሪያ ፖይንተሩን ወደ ጊዜያዊ ቫሪያብል ይውሰድ፣ ክላሱ ላይ ያለውን «ነን» ያድርግ፣ ከዚያ «ሚዛን_ዝጋ»ን ይጥራ። ሌሎቹ ሜተዶች ሁሉ ፖይንተሩ «ነን» ከሆነ ሲን ሳይነኩ ኤክሴፕሽን ያንሡ፤ ምክንያቱም ሲታይፕስ «ነን»ን ናል ፖይንተር (ዜሮ አድራሻ) አድርጎ ነው የሚልከው።

ኮልባክ ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የፓይተን ፈንክሽኑ በ«ሲፈንክታይፕ» ተጠቅልሎ እዚያው በጥሪው ቅንፍ ውስጥ ለ«ሚዛን_አዳምጥ» ይሰጣል። ጥሪው እንዳለቀ ጥቅሉን የያዘው ቫሪያብል ስለሌለ ፓይተን ያጠፋዋል። ሲው ግን አድራሻውን ይዟል። ቀጣዩ መኪና ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሲው ወደዚያ አድራሻ ይዘላል፣ እዚያ ያለው ሌላ ነገር ነው። ጥቅሉን በክላሱ ላይ እንደ አትሪቢውት ያዙት፣ «ሚዛን_ዝጋ» እስኪጠራ አይለቀቅ። ኮልባኩ ውስጥ የሚነሣ ኤክሴፕሽን ደግሞ ታትሞ ይታለፋል እንጂ ወደ ሲ አይሻገርም፤ ሙሉ ይዘቱን በትራይ ጠቅልላችሁ ስህተቱን ራሳችሁ መዝግቡ።

ስትራክት፦ መጠኑን አስተያዩ

የደረሰኙ ስትራክት አንድ ቻር፣ አንድ ደብል፣ አንድ ኢንት አለው እንበል። ሲደመር 13 ባይት ይመስላል፤ ግን ደብል በ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ ማረፍ ስላለበት ኮምፓይለሩ ከቻሩ በኋላ 7፣ ከኢንቱ በኋላ 4 ባይት ክፍተት ያስገባና 24 ያደርገዋል። ሲታይፕስም የኮምፓይለሩን ደንብ ስለሚከተል ፊልዶቹን በትክክለኛ ዓይነትና ቅደም ተከተል ከጻፋችሁ 24 ያገኛል። በስህተት ክብደቱን ደብል ሳይሆን ፍሎት ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ፓይተን የሚያዘጋጀው 12 ባይት ነው፤ «ሚዛን_አንብብ» 24 ይጽፍበታል። ላይብረሪው ክፍተት እንዳይኖር ተደርጎ በፓክ የተኮምፓይለ ከሆነም ቁጥሩ 13 ስለሚሆን «_ፓክ_» የሚለውን 1 አድርጉ።

በግምት አይሠራም። ከሲ በኩል የስትራክቱን ሳይዝኦፍ የሚመልስ አንድ መስመር ፈንክሽን ጨምሩ፣ ፓይተኑ ላይብረሪውን እንደከፈተ ከራሱ ሳይዝኦፍ ጋር ያስተያይ፣ ካልገጠመ ሥራ አይጀምር። አዲስ የላይብረሪ ቨርዥን መጥቶ አንድ ፊልድ ሲጨመር የሚያድናችሁ ይህ ነው።

ከነምፓይ (የፓይተን የቁጥር አሬይ ላይብረሪ) ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ እየዘለለ የተቆረጠ ወይም ትራንስፖዝ የተደረገ አሬይ ሜሞሪ ላይ ተከታታይ አይደለም፤ ሲ ግን ተከታታይ ነው ብሎ ያነባል። በ«አስኮንቲጉየስአሬይ» አስተካክሉት፣ ዲታይፑንም (የቁጥሮቹን ዓይነት) እዚያው ወስኑ። ሁለተኛ፣ የዚያን ውጤት በስም ያዙት፤ ስም ሳይሰጠው አድራሻው ብቻ ከተወሰደ አሬዩ ወዲያው ይጠፋል።

ትሬድ ካላችሁ ደግሞ፦ በሲታይፕሱ ሲዲኤልኤል የተከፈተ ላይብረሪ ሲጠራ ፓይተን ጊልን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገውን ሎክ፣ ይለቃል። ሁለት ትሬዶች በአንድ የሚዛን ፖይንተር ሲ ውስጥ እኩል ሊገቡ ይችላሉ። የላይብረሪው ሰነድ ትሬድ ሴፍ ነው ካላለ ለእያንዳንዱ ፖይንተር አንድ ሎክ ይኑር፣ መዝጊያውም በዚያው ሎክ ሥር ይሁን።

ጥፋቱን እጅ ከፍንጅ መያዝ

የሲ ኮዱ በእጃችሁ ካለ አድረስ ሳኒታይዘር የሚባለውን የኮምፓይለር መመርመሪያ የሚተካከል የለም። ፕሮግራሙ ሲሞት ሳይሆን መጀመሪያ ከድንበር ባለፈበት ቅጽበት ያቆመዋል። ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ቢቀንሰው ነው፤ ሌላው የሜሞሪ መመርመሪያ ቫልግሪንድ ግን አሥር ሃያ እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚያዘገይ ከሚዛን ጋር በቀጥታ እያወራ ላለ ፕሮግራም አይመችም።

ላይብረሪውን በጂሲሲ እንደገና ኮምፓይል አድርጉ፦ ከሼርድና ከፒክ አማራጮች ጋር «-ጂ»፣ «-ኦ1»፣ «ኖ ኦሚት ፍሬም ፖይንተር» እና «ሳኒታይዝ» እኩል ይሆናል «አድረስ» ጨምሩ። ፓይተን ራሱ በሳኒታይዘር ስላልተሠራ የሳኒታይዘሩ ላይብረሪ ቀድሞ እንዲጫን ማድረግ ያስፈልጋል። ጂሲሲን «ፕሪንት ፋይል ኔም» በሚለው አማራጭ የሊብኤሳን ፋይል የት እንዳለ ጠይቁት፣ የመለሰውን አድራሻ ኤልዲ ፕሪሎድ ለሚባለው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ስጡ። ይህን ከረሳችሁ ራንታይሙ መጀመሪያ አልተጫነም ብሎ ይቆማል። ኤሳን ኦፕሽንስ ውስጥ «ዲቴክት ሊክስ»ን 0 አድርጉ፣ ፓይተን ሲዘጋ ሆን ብሎ የማይለቀውን ሜሞሪ ሁሉ እየዘረዘረ እንዳያሰለቻችሁ። በመጨረሻም ፓይተንማሎክ የሚባለውን ቫሪያብል «ማሎክ» በሉት። ፓይተን እስከ 512 ባይት ያሉ ትንንሽ ኦብጀክቶችን ከራሱ ክምችት ስለሚሰጥ ሳኒታይዘሩ እነሱን ለይቶ አያይም፤ ይህ ሲደረግ ግን እያንዳንዱ በማሎክ በኩል ይሄዳል።

ከዚያ ያንን የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስም አስገቡ። ሪፖርቱ «ሂፕ ባፈር ኦቨርፍሎ» ይላል፤ 36 ባይት ሲጻፍ እንደነበር፣ የተላለፈውም 14 ባይት የሆነ ቦታ መጨረሻ ላይ መሆኑን፣ ቦታው በየትኛው የሲ መስመር በማሎክ እንደተሠራና በየትኛው መስመር እንደተጣሰ ይነግራችኋል። «ሂፕ ዩዝ አፍተር ፍሪ» ካለ ወደ ባለቤትነቱ ክፍል ተመለሱ፤ ሪፖርቱ ማን እንደለቀቀውም ጭምር ያሳያል።

የሲ ኮዱ በእጃችሁ ከሌለና ላይብረሪው በፋይል ብቻ የመጣ ከሆነ ፓይተኑን በጂዲቢ (በስህተት መፈለጊያው ፕሮግራም) ሥር አስኪዱት፤ ሲወድቅ «ቢቲ» ብላችሁ የጥሪውን ሰንሰለት እዩ። ከላይ ያለው ፍሬም ማሎክ ወይም ፍሪ ውስጥ ከሆነ ጉዳቱ ቀደም ሲል የተሠራ ነው፤ ላይብረሪው ውስጥ ከሆነ ግን የሰጣችሁትን አርጉመንት አንድ በአንድ መርምሩ። ለአቅራቢው ሪፖርት ስታደርጉ ከሚዛኑ ውጭ ያለውን ሁሉ ቆርጣችሁ ስህተቱን የሚደግም አጭር ስክሪፕት አያይዙ።

አቅራቢው እስኪያስተካክል ድረስ ላይብረሪውን በተለየ ፕሮሰስ ውስጥ አስቀምጡት። ዋናው ፕሮግራም ደረሰኝና ዳታቤዝ ይይዛል፤ ልጁ ፕሮሰስ ሚዛኑን ብቻ ያነባል፤ ልጁ ቢሞት ወላጁ መዝግቦ እንደገና ያስነሣዋል። ለዚህ መልቲፕሮሰሲንግ ውስጥ ያለውን «ፑል» አትጠቀሙ፤ ሠራተኛ ፕሮሰሱ በሲግናል ሲሞት ፑሉ ሌላ ይተካል እንጂ የጠፋውን ሥራ አያሳውቅም፣ ውጤቱን የሚጠብቀው መስመርም ገደብ ካልተሰጠው ለዘላለም ይጠብቃል። ከኮንከረንት ፊውቸርስ «ፕሮሰስፑልኤክሲኪዩተር»ን ውሰዱ፦ ልጁ ሲሞት «ብሮክንፕሮሰስፑል» የሚል ኤክሴፕሽን ይነሣል፣ ያንን መያዝ ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ያ ኤክሲኪዩተር ስለማይሠራ አዲስ ፍጠሩ፤ ሲሞት በመካሄድ ላይ የነበረውን ንባብም ሚዛኑን በድጋሚ ጠይቃችሁ ውሰዱ እንጂ የቀድሞውን ቁጥር አትመዝግቡ።